ዳዊት ያለባት የበግ መርከብ

ሰኞ፣ ጁላይ 2006

ዛሬም አላስገቧቸውም። ዳዊት ከመርከቧ ላይ ደወለ፤ የየመን ዳርቻ ቅርብ ስለሆነ ኔትወርክ ይይዛል። ከበርበራ የጫኗቸው በጎች በሽታ አለባቸው ተብሎ፣ የሚያራግፉበትን ወደብ ፊት ለፊት እያዩ መልሕቅ ጥለው ቆመዋል። የታናሽ ወንድሜ ሥራ በጎቹን ማብላትና ማጠጣት ነው። ውሃ እያለቀ ነው አለኝ።

"የሰው ነው የበግ?"

"የሁለታችንም፣ እታበባ።"

ከምኖርበት ከአውሮራ እስከምሠራበት ኤርፖርት ሬዲዮ ሳልከፍት ነዳሁ።

ማክሰኞ

ካፒቴኑ የታመሙትን ወደ ባሕር ጣሉ ብሏል። የሞቱትን መስሎኝ ነበር። በሕይወት ያሉትን ነው። "ስይዛቸው የማጠጣቸው እየመሰላቸው እጄን ይልሳሉ" አለኝ ዳዊት። እምቢ ብሏል። ከእሱ ሌላ እምቢ ያለ የለም።

ሥራ ላይ በዊልቸር የምገፋት ሴትዮ ውሃ ጠየቀችኝ። ገዛሁላት። ቀመሰችና ሞቋል ብላ ወረወረችው።

ረቡዕ

የማይጥል አይጠጣም። ትእዛዝ ነው። ዳዊት ከትናንት ጀምሮ ጠብታ አልቀመሰም፤ ምላሱ አብጦ የሚናገረው በደንብ አይገባኝም። ከበስተኋላው ሰዎች ይስቃሉ። አንዱ ውሃ በኩባያ ይዞ ይመጣና ፊት ለፊቱ ቀስ አድርጎ ወለሉ ላይ ያፈሰዋል አለኝ።

የመርከቧ ባለቤት ወኪል ጋ ደወልኩ። ለመንኩት። "ወንድምሽ የሄደው ሊሠራ ነው ሊጸልይ?" ብሎኝ ዘጋው።

ብሬክ ላይ ለጋሽ ወርቁ ነገርኳቸው፤ አብረን ነው ዊልቸር የምንገፋው። "ልጄ፣ በግ እኮ ነው! ጣል በይው እንጂ፣ እስኪሞት ነው የምትጠብቂው?" ብለው ተቆጡኝ።

ሐሙስ

አልኩት።

ፓርክ አድርጌ፣ መኪና ውስጥ ሆኜ ነው የደወልኩት። "ጣል! በእናታችን፣ ጣልና ጠጣ!" ብዬ ጮህኩበት። ከዚያ ስልኩን ሳይዘጋው ኪሱ ከተተው መሰለኝ። ሁሉንም ሰማሁ። የበጎቹን ጩኸት። የሰዎቹን ጭብጨባ። በመጨረሻ ውሃ ሲጠጣ ጉሮሮውን።

አርፍጄ ገባሁ። ዓይኔን አይታ ሱፐርቫይዘሬ ጠየቀችኝ። አለርጂ ነው አልኳት።

ዓርብ

አልደወለም። ስደውልም አያነሳም። ልጄ ሄለን "ማሚ፣ ኢዝ ሂ ዴድ?" ስትለኝ በጥፊ ልላት እጄን አነሳሁ። እንዴት እንደመለስኩት አላውቅም።

ቅዳሜ

ገቡ! የእንስሳት ሐኪም መርከቧ ላይ ወጥቶ የተረፉትን አይቷቸው፣ ሙቀትና ጥማት ነው የጎዳቸው እንጂ በሽታ የለባቸውም ብሎ ለቀቃቸው። እንግዲህ የተጣሉትም ጤነኞች ነበሩ። ይህን የነገረኝ ራሱ ዳዊት ነው። ድምፁ ተመልሷል። ኩሽናው ወለል ላይ ተንበርክኬ አምላኬን አመሰገንኩ።

"በቃ፣ ከዚያች መርከብ ውረድ" አልኩት።

"ለምን ብዬ? ካፒቴኑ እኮ አለቃ አደረገኝ። ከትናንት ጀምሮ ውሃ የማድለው እኔ ነኝ።"

"እምቢ የሚልህ ሰው ቢኖርስ?"

"ትናንት አንዱ ብሎኝ ነበር" አለና ሳቀ። "ዛሬ አይልም።"

እሱ ደህና ነው፣ ድሮ እንደሚያወራኝ ነው የሚያወራኝ። ለሄለን ከከተማ ሽቶ ልግዛላት ወይስ ጫማ ብሎ ጠየቀኝ።

ጫማ አልኩት። ቁጥሯንም ነገርኩት።