የደበዘዙት አርባ ሁለት መስታወቶች

ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አርባ ምንጭ። ዛሬ ጠዋት የዶክትሬት ተማሪያችን ማህደር ወንደሰን ክሊራንስ፣ ማለትም ከንብረት ዕዳ ነፃ የመሆን ማረጋገጫ፣ ተከለከለች።

ለክቡር አቶ ሰይፈሥላሴ፣ የምርምር ማዕከላችን የንብረት ክፍል ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጠና፣ ዓይንዎም ቀለም ለመለየት እንደ ዛሬው የሰላ ይሁን እያልሁ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብልዎ ወደድሁ።

1ኛ፦ ማህደር የዶክትሬት ጥናቷን የሠራችው ብርሃን በሚውጥ ፖሊመር ላይ መሆኑን ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አስረድቼዎታለሁ። ፖሊመሩ በትንንሽ መስታወት ላይ በስሱ ይቀባል፤ አንድ የሌዘር ብልጭታ ሲመታው የዋጠው ጉልበት ወዴት እንደሚሄድና ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ሌላ ብልጭታ ከሰከንድ ትሪሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተከትሎ ይለካል። አየርና ፀሐይ አንድ ላይ ካገኙት ግን ሐምራዊ ቀለሙ ደብዝዞ ቢጫ ይሆናል፤ ስለዚህ ናይትሮጅን በተሞላ እሽግ ሣጥን ይቀመጣል። «አይከፈት» የሚለውን በቀይ የጻፍሁበት እኔ ነኝ። የንብረት ቆጣሪዎችዎ በግንቦት ሣጥኑን ከፍተው አርባ ሁለቱንም መስታወቶች አውጥተው ቆጠሩ። እዚሁ አጠገባችን ያለው የላንቴ ሙዝ ገበሬ እንኳ ሙዙን ሳይልጥ ይቆጥራል።

2ኛ፦ ለእያንዳንዱ መስታወት የንብረት ቁጥር ስለለጠፉልን እናመሰግናለን። የለጠፉት የተቀባው ፊት ላይ ነው።

3ኛ፦ ማህደር ጥናቷን አቅርባ ካለፈች በኋላ ንብረቱን ልትመልስ ስትመጣ፣ የርክክብ ቅጹን አገላብጠው «የወሰድሽው ሐምራዊ ነው፤ ይሄ ቢጫ ነው። የወሰድሽውን አምጪ» አሏት። ያወጧቸው የእርስዎ ሰዎች መሆናቸውን ስትነግርዎ፣ «እኔ የማውቀው የፈረምሽውን ነው፣ እመቤት» ብለው ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠሩ። ያለ ክሊራንስ ዲግሪ የለም፤ እስከ ዓርብ ዲግሪዋን ካላሳየች አዲስ አበባ ያገኘችው ሥራ ለሌላ ሰው ይሰጣል። የአምስት ዓመት ድካም በአንድ ቀለም ስለመዘኑ ልዩ አድናቆቴ ይድረስዎ።

ብርሃንም ሆነ ተማሪ ከእጅዎ እንዲጠበቅ ከሚመኝ የቅርብ ታዛዥዎ፣
ሀብተጊዮርጊስ ይፍሩ፣ የቤተ ሙከራው ኃላፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ «ዋስ ይሁኗትና ጉዳዩ ይለቅ» ብለው ስላስጠሩኝ፣ ለእሷ ስል ቢሮዎ መጣሁ። የዋስትናው ቅጽ «ንብረቱ በተማሪዋ ጥፋት ተበላሽቷል» ይላል። ስሜን ግማሽ ጽፌ አቆምሁ። ከሥሩ የግንቦቱ የቆጠራ ሪፖርት ተያይዞ አየሁት፦ «መስታወቶቹ በደንብ እንዲታዩ ወደ አባያ ሐይቅ በሚያየው መስኮት ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ተደርድረው ተቆጥረዋል።» ፊርማው የእርስዎ ነው። አሁን ከዚህ ደብዳቤ ጎን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው እሱ ነው። «ፊርማዎን ይጨርሱት እንጂ!» ሲሉኝ ሪፖርቱን ይዤ በሩን አልፌ ነበር።