አሥራ ስድስት ሳይሞላ

ለታላቅ ወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? የደም ግፊትህስ? በአዲስ ዓመታችን በሶንግክራን በዓል ዕለት በቤተ መቅደሱ አዳራሽ የአንገትህ ሥር ሲገታተር ያየ ሁሉ ስላንተ ይጠይቀኛል። እኛ ደህና ነን። እማማም ደህና ናት፣ ልትሸጥባት የነበረው ቤትም ደህና ነው።

የቼዙ ሐሳብ ያንተ ነበር። እህቴን ካሸነፍኩ ቤቱ ይሸጣል፣ ካላሸነፍኩ አፌን እዘጋለሁ ብለህ በሰፈሩ ሽማግሌዎች ፊት ቃል የገባኸው አንተ ነህ። እህቴ ስለ ቼዝ ምን ታውቃለች ብለህ ነዋ። እውነትም የዛጎል ወታደሮቼን፣ ፈረሶቼን፣ ሁሉን በላህብኝ። አንተ ንጉሥና ቀጥ ብሎ የሚሄድ አንድ ጀልባ ቀረህ፣ እኔ ባዶ ንጉሥ ይዤ ቀረሁ። እዚህ ሲደረስ ደካማው በየተራው ጮክ ብሎ እንደሚቆጥር፣ አሥራ ስድስት እስኪሞላ ንጉሡ ካልሞተም ጨዋታው እኩል እንደሚወጣ ከልጅነታችን እናውቃለን።

ቆጠርኩ። ልክ እንደ አባባ፣ መጀመሪያ ጉሮሮ ጠረግ፣ ከዚያ ቁጥሩን ጎተት። አባባ እንዲህ እየቆጠረ ሲያስለቅስህ ሕፃን ነበርክ፤ አሁን ፀጉርህን ቀለም ትቀባለህ። አሥር ላይ ድምፅሽን ቀንሺ አልከኝ። አሥራ ሁለት ላይ አፍሽን ዝጊ አልክ። አሥራ አራት ስል ሰሌዳውን ገለበጥከው፤ ከቀንድ የተሠራው የአባባ ንጉሥ ዘሎ አጠገባችን የተቀመጠው መነኩሴ ሻይ ውስጥ ገባ። ዳኛችን አጎት ቡንሉ ሰሌዳ የገለበጠ ተሸንፏል ብሎ ፈረደ። ቀጥሎም ሰውዬው ጀልባው ላይ ሲጨፍር ሰጠመ ብሎ አዳራሹን በሳቅ ገደለው። አንተማ በባዶ እግርህ መኪናህን አስነስተህ ሄድክ። የአዳራሹ ደጃፍ ላይ አውልቀህ የተውከውን ጫማህን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ። ያን ጊዜ ተራው ያንተ ነበር፤ ጀልባህን ወደ ዳሩ መስመር ብትስበው ኖሮ ንጉሤ አልቆለት ነበር። እኔ አይቼዋለሁ፣ አጎት ቡንሉም አይቶታል። እማማ ደግሞ አይታው ዓይኗን ጨፍና ነበር። ቤቱን በእጅህ ይዘህ ነው በእጅህ የገለበጥከው። ከዚህ የባሰ ስድብ ስለማላውቅ አልሰድብህም።

ቡድሃ ልብህን ያርጋልህ፣ ሚስትህንና ልጆችህን ይጠብቅልህ። እማማ ሰላም ብላሃለች። እኔን ዝንጅብል እያፈላች ታጠጣኛለች፤ ከበዓሉ በፊት ሳምንቱን ሙሉ እንደ አባባ መቁጠር ስታለማምደኝ የቆሰለው ጉሮሮዬ ገና አልዳነም። አሁንም አጠራረግሽ የአባትሽን አያህልም ትለኛለች።

ታናሽ እህትህ