ሰፊው ቴሌቪዥን

ለወታደሩ የልጅ ልጄ ለየሻው፤ ይህች ወረቀት ባለህበት ግንባር በደህና ታግኝህ። እኔና አያትህ እናኑ፣ ላሞቻችንም ጭምር፣ ተመስገን ደህና ነን። ከፋሲካ ወዲህ ደብዳቤህ አልደረሰንም፤ ሐሙሲት መንገድ ላይ ጭቃ ይዞት ይሆናል።

አሁን ቀጥ ብለህ ቁምና ታላቁን አዋጅ ስማ፦ የወረታ ቀበሌያችን ቀኑን ሙሉ ተሰብስቦ ለአዳራሹ ቴሌቪዥን መረጠ! ገንዘቡ የሚበቃው ወይ ለትንሽ ባለቀለም፣ ወይ ለሰፊ ጥቁርና ነጭ ነበር። ሁለቱም ለዜናም፣ ለኳስም፣ ቪዲዮ ከተገኘም ለፊልም ይሆናሉ። ወጣቶቹ በሙሉ ባለቀለሙ ይገዛ አሉ። እኔ ተነሥቼ፣ "በዚያች ሣጥን ኳሷ ምስር ታክላለች፤ ሰፊው ይሻላል" ብዬ ተሟገትኩ።

ስማቸው የሚባለው ሊቀመንበራችን፣ "አያ ደሴ፣ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ኳስ የወደዱት?" ብሎ ሳቀብኝ።

"ከዛሬ ጀምሮ! ምነው፣ ሽማግሌ ኳስ አይወድም የሚል መመሪያ ወጣ እንዴ?" አልኩት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ሰፊው ተገዛ።

ማታ ማታ ከፊት እቀመጣለሁ። ዜናው አልቆ ኳሱ ሲጀመር ግን ወደ ቤቴ እሄዳለሁ፤ ዓይኔ ይደክማል። በዜናው ወታደር ሲያሳዩ ካሜራው እንዴት ይሮጣል እባክህ! እናንተም ቆባችሁን እስከ ቅንድብ ትደፉታላችሁ። ሊያነሷችሁ ሲመጡ ከዳር ቁምና ቀና በል። ባለፈው ሳምንት አይቼሃለሁ፤ ወፍረሃል፣ ጢምም አብቅለሃል።

እመቤታችን ከፊት ከኋላህ ትሁን።

አያትህ ደሴ

አየሁህ ያልኩት ፈጠራ ነው። ለእናኑ እንደዚያ ብነግራት እልል አለች፤ ደስ ስላለኝ ላንተም ደገምኩት። ጢም ማብቀል አለማብቀልህን አንተው ጻፍልኝ።