ምን ይሸትሻል?

ውድ ጋሼ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጡረታ ሲወጡ እየመጣሁ እጠይቅዎታለሁ ብዬ ምዬ ተገዝቼ፣ በዚያው ድራሼ መጥፋቱን አውቃለሁ። ዛሬም ናፍቆት ገፋፍቶኝ ጻፍኩልዎ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ፈርቼ ነው የምጽፈው። ከትናንት ጀምሮ በር በተንኳኳ ቁጥር ድንግጥ እላለሁ።

ክፍላችን እርስዎ እንደተዉት ነው። የቀለም ጋኖቹ የታጠቡበት ቆሻሻ ቲነር ዛሬም በበርሜል በበርሜል እየሆነ ይመጣልናል። እናፈላዋለን፤ እንፋሎቱ በቀዝቃዛ ውሃ በተከበበው ቱቦ ውስጥ አልፎ ጥርት ብሎ ይወርድና ተመልሶ ወደ ሥራ ይገባል። ከሥር የሚቀረውን ጥቁር አተላ አሽገን፣ የሚያቃጥሉት ሰዎች መኪና እስኪመጣ ግቢው ጥግ እንደረድረዋለን። ግድግዳው ላይ ያለው የጋዝ ማስጠንቀቂያም ያው ሽቦው ተነቅሎ እንደተጠቀለለ ነው። አለቃችን በሆነ ባልሆነው ይጮሃል ብሎ ሽቦውን የነቀለው ቀን «የናንተ አፍንጫ ከሱ ይበልጣል!» ያለውን ያስታውሳሉ? ሁላችንም ስቀን ነበር። እኔማ ኮርቼም ነበር።

እርስዎ ሥራውን ያስተማሩኝ በአፍንጫ ነዋ። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆመው፣ አገጭዎን ቀና አድርገው፣ «አንቺ አነፍናፊ፣ ምን ይሸትሻል?» ይሉኝ ነበር። «የበሰለ ሙዝ» ካልኩ፣ «እንግዲያው ቲነሩ የሆነ ቦታ እያመለጠ ነው፣ ፈልጊው» ይላሉ። «ምንም» ካልኩ ማፍያውን ያስነሳሉ። የሚፈትኑኝ ይመስለኝ ነበር። መልሱን እያወቁ እንደሚጠይቁ አስተማሪ ነበር የማይዎት።

ጋሼ፣ አሁን አይሸተኝም። መቼ እንደጠፋ እንኳ በውል አላውቅም። አንድ ቀን ጎረቤቴ «ኧረ ሽንኩርትሽ ከሰል ሆነ!» እያለች በሩን በርግዳ ስትገባ፣ እኔ ድስቱ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነበር። ጉንፋን ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ጉንፋኑ ለቀቀኝ፣ አፍንጫዬ ግን አልተመለሰም። የማይሸታት ሴት እዚያ ክፍል ምን ትሠራለች እንዳይሉኝ አፌን ዘጋሁ።

ልጅዎ እኛ ክፍል ስትመደብ እፎይ ነው ያልኩት፤ ይሄን ስጽፍ እንኳ አፍራለሁ። እንደ እርስዎ በሩ ላይ ቆሜ፣ አገጬን ቀና አድርጌ፣ «አንቺ፣ ምን ይሸትሻል?» እላታለሁ። «ምንም» ትለኛለች። አስነሳለሁ።

ትናንት ጠዋትም እንደዚያው አደረግን። ማፍያው ሞቋል፤ እሷ በርሜሎቹ ላይ ምልክት ትለጥፋለች፤ እኔ እግሯን በሚበልጠው ጫማዋ እያሾፍኩባት ነው። የፎርክሊፍት ሾፌሩ የትኛውን አተላ እንደሚያነሳ ሊጠይቀን ማሽኑን ግቢ አቁሞ በእግሩ መጣ። በሩን ገና ገርበብ ሲያደርገው ክንዱን አፍንጫው ላይ ለጠፈ።

«ኧረ እናንተ ሰዎች! አትወጡም እንዴ? ምን ጉድ ነው ይሄ?»

ቀልዱን መስሎኝ ነበር። ቀና ስል የማቀዝቀዣው ውሃ ጎማ ከቱቦው ወልቆ ውሃው ወደ ፍሳሹ ይሄዳል። እንፋሎቱ ሳይቀዘቅዝ ክፍሉን ሞልቶታል፤ እኛ ደግሞ መሀሉ ላይ ቁጭ ብለን እንሳሳቃለን። ያ ሰውዬ እንደ ወትሮው ማሽኑን እያስጓራ ገብቶ ቢሆን አንዲት ፍንጣሪ ትበቃን ነበር። ልጅቷን ጎትቼ አወጣኋት፤ ማሞቂያውን ከውጭ ዘጋሁት።

ግቢው ውስጥ ግድግዳ ተደግፈን ቆምን። «እንዴት ምንም ትይኛለሽ? ልታስፈጂን ነው?» ብዬ ጮህኩባት።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ፊትሽን እያየሁ ነው የምመልስልሽ» አለች። «ፊትሽ ካልተለወጠ ምንም የለም ማለት ነው ብዬ። እዚህ ከገባሁ ወዲህ እኔን ሳሙና እንኳ አይሸተኝም።» ከዚያ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ። «ለአባዬ እንዳትነግሪው፤ ይጨነቃል። እሱም እኮ አይሸተውም። ወተቱን እንኳ እማዬ ናት አሽትታ የምትሰጠው። ከድሮም፣ እኔ ሕፃን እያለሁ ጀምሮ።»

ስለዚህ ያን ሁሉ ዘመን ሲፈትኑኝ አልነበረም።

ልቆጣዎት ሞክሬ አቃተኝ። እኔስ በገዛ ልጅዎ ላይ ያንኑ አይደል ያደረግኩት? አሁን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ከዚህ በፊትስ ስንቴ እንዲህ መሀሉ ቁጭ ብለን ስቀናል? አፍንጫችንን የወሰደውስ ሌላ ምን ወስዶብን ይሆን? እያልኩ እጄን፣ ዓይኔን፣ ትንፋሼን ስፈትሽ እውላለሁ።

አለቃችን ማንም አልተጎዳም ብሎ ጎማውን በሽቦ አሳስሮታል። ነገ ማፍያው ይነሳል። እኔ ማስጠንቀቂያው ካልተሠራ አላስነሳም፣ አፍንጫዬም ሞቷል ልለው ቆርጫለሁ። ብቻዬን ካልኩት ግን «ታመሻል፣ እረፊ» ብሎ ይሸኘኛል፤ በእኔ ፈንታ በሩ ላይ የምትቆመው ልጅዎ ናት። እርስዎ አብረውኝ ቆመው የራስዎን ከነገሩት በአንድ ሰው በሽታ ሊያመካኝ አይችልም።

እሷ እንዳታየው ብዬ ደብዳቤውን በሾፌሩ እጅ ልኬዋለሁ። አደራዋን መብላቴን ይቅር ትበለኝ። ጠዋት ከመግቢያ ሰዓት በፊት የፋብሪካው በር ላይ እጠብቅዎታለሁ። መምጣቱ ከከበደዎት ግን አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ልጅዎ ለሥራ ስትወጣ ያስቁሟትና «ምን ይሸትሻል?» ብለው ይጠይቋት። መልሱን ከፊትዎ ላይ ስትፈልግ ያዩዋታል።

አነፍናፊዎ የነበርኩት