የሐዋ ልብ ምት

ማክሰኞ፣ መጋቢት 8፣ አሶሳ

ሙቀት በሥራ ላይ ያለ ሰው ልብ ላይ ምን ያህል እንደሚበረታ ለማጥናት ዛሬም ወርቅ ቆፋሪዎቹን ስለካ ዋልኩ። ወንዶቹን ብቻ። አማካሪዬ "የሴቶቹ የወር አበባ ውጤቱን ያዛባብናል፣ ተያቸው" ብሎኛል፤ ብከራከረውም አልሰማኝም።

ቀትር ላይ ወንዶቹ ማንጎ ጥላ ሥር ሲጋደሙ፣ ወርቅ አጣቢዎቹ ሴቶች ፀሐይ ላይ እንዳጎነበሱ ቀሩ። ሙቀት እያጠናን ነው እንግዲህ!

ከአጣቢዎቹ አንዷ ሐዋ መጣችና ክንዷን ዘረጋችልኝ። "እኔንም ለኪኝ፣ ልቤ ድው ድው ይላል።"

ለካኋት። ይፈጥናል። ግን የማስተያየው የሌላ ሴት ልኬት የለኝም።

"ደህና ነኝ?" አለችኝ።

ጥላ ሥር አስቀምጬ ውኃ ሰጠኋት። ቤት ገብቼም መቀመጥ አቃተኝ። ወንዶቹ "ደህና ነኝ?" ብለው ሲጠይቁኝ ወዲያው ነበር የምመልስላቸው።