የወይራ ጭስ ነበር

ጎባ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ጃርሶ፣

አካም ጂርታ? እናትህ አዴ ሃጂራስ ተሻላቸው? ደብዳቤህን እናንተ አገር ሲናና ደርሶ የመጣው አብዶ ሰጥቶኛል። «ለዳይሬክተሩ አንዲት መስመር ጻፍልኝ፤ ምስክር ካለህ እስከ ኅዳር እንመልስሃለን ብለውኛል» ትላለህ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መልሱን ለመጻፍ ግን ይኸው ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

የዚያን ሰኞ ነገር መቼም አትረሳውም። ዳይሬክተሩ አቶ ተክለማርያም ከአልጋችን ሥር ቁራጭ ሲጋራ አገኙና ሁለታችንንም ቢሮ አስጠሩን። በማሠልጠኛው ደንብ ያጨሰ ይባረራል፤ አይቶ የደበቀም አብሮት ይባረራል። ጣታችንን አሸተቱ። የኔን በሎሚ ፈትጌው ነበር። ያንተ ጭስ ጭስ ይል ነበር።

ለምን እንደሆነ ከኔ በቀር ማን ያውቃል? እናትህ ታመው ስለተኙ እሁድን ቤት ውለህ፣ የወተቱን ዕቃ በወይራ ያጠንከው አንተ ነህ። «የሴት ሥራ ሠራ ብለው ይስቁብኛል፤ አደራ» ብለኸኝ ነበር። ዳይሬክተሩ ፊትም አፍረህ ዝም አልክ። ምን ነበረበት አፍህን ብትከፍት? ይኸው ደግሞ አንተን ልወቅስ።

ወደኔ ዞረው «አንተስ ምን ትላለህ?» አሉኝ። «ጌታዬ፣ ከቤት ሲመለስ ጭስ ጭስ ይላል» አልኩ። እስኪ አስበው፣ ቃሉ እውነት ነው፤ የወይራ ጭስ መሆኑን ብቻ አስቀረሁ። የአውራጃው ጸሐፊ ልጅ ነኝና አመኑኝ። በማግስቱ ሣጥንህን ተሸክመህ ስትወጣ አቅፈህ ተሰናበትከኝ፤ እሱ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ።

ቁራጩ የኔ ነበር፣ ጃርሶ። ከመጸዳጃው ጀርባ ነበር የማጨሰው፤ አሁንም አጨሳለሁ። አንተ ከተባረርክ ወዲህ አንድም ተማሪ ሲጋራ አላቆመም። ሁሉም ሎሚ መግዛት ጀመረ እንጂ።

ያቺን አንዲት መስመር ብጽፍ «ታዲያ ቁራጩ የማን ነበር?» ይሉኛል። ዘንድሮ ልመረቅ ነው፤ እናቴም የምትኖረው ያን ቀን እየጠበቀች ነው። ብዕር አንስቼ ስንቴ ሞከርኩ መሰለህ። እናቴን ሰበብ አደረግኩ እንጂ፣ እውነቱን ንገረኝ ካልከኝ ፈሪ ነኝ።

ስለዚህ አትጠብቀኝ። ኅዳር ደረሰ ብለህም መንገድ እንዳትጀምር፤ የሚተርፍህ ድካም ብቻ ነው። ይህን ደብዳቤ ያው አብዶ ያደርስልሃል። ድንገት ሰው እጅ ቢገባ ብዬ ስሜን አልጻፍኩበትም። አንብበህ ስትጨርስም፣ እባክህ ቅደደው።