ጎማ የማይረግጠው ጋራዥ

ለተከበሩ የሕንጻችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና የመኪናዎ አራት ጎማዎች እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። እኛ ከጋራዡ አጠገብ ባለችው ቤት የምንኖረው አባትና ልጅ ደህና ነን። በተለይ አባቴ ከቤት መውጣት ስለተከለከለ ብርድ አይመታውም፣ ፀሐይም አያጠቁረውም፤ ስለዚህ ውለታዎ አመስግኝልኝ ብሎኛል። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት በድፍረት አይደለም። ሦስት ጊዜ በእጅዎ የሰጠሁዎትን ማመልከቻ ሦስት ጊዜ አጥፈው ኪስዎ ሲከቱት ስላየሁ፣ ቆመው የሚያነቡት ነገር ይሻልዎት ይሆናል ብዬ ነው።

በቅርቡ ወደ ሕንጻው ለገቡ ጎረቤቶች ነገሩን ላስረዳ። ኮሚቴያችን የጋራዡን ወለል ከዘይትና ከጎማ ለመጠበቅ ኢፖክሲ የተባለ፣ ሲደርቅ እንደ መስታወት የሚያበራ ልባስ አስቀባ። ከዚያ ልባሱ እንዳይጎዳ መኪና እንዳይገባ ከለከለ። እነሆ አሁን ወለሉን ልባሱ ይጠብቃል፣ ልባሱን ዘበኛው ይጠብቃል፣ ዘበኛውን ደግሞ እርስዎ ከሁለተኛ ፎቅ በመስኮት ይጠብቃሉ፤ መኪኖቹ ብቻ ጠባቂ አጥተው መንገድ ላይ ዝናብ ይመታቸዋል። እንዲህ ያለ ንጹሕ ጋራዥ የትም እንደሌለ አልጠራጠርም፤ የትም ያሉ ሰዎች ጋራዥ ውስጥ መኪና ያስገባሉና።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ቅሬታዎቼን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፦ በቀለም ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ የምሠራ ኬሚስት እንደመሆኔ፣ ሥራው ሊጀመር ሲል ክንድ የምታህል ላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርግቼ አራት ጠርዟን በፕላስተር አሽጌ ነበር። ላስቲኳ አንድ ሙሉ ቀን ቆይታ ከሥሯ ላብ ከያዘች ወለሉ እርጥበት አለው ማለት ነው፤ በእርጥብ ወለል ላይ የፈሰሰ ኢፖክሲ ደግሞ ውሎ አድሮ መነሳቱ አይቀርም። እርስዎ ላስቲኳን «ቆሻሻ» ብለው አስነሱና፣ ለምርቃቱ እንዲያምር በማለት ጠዋት ወለሉን በአሥራ ሁለት ባልዲ ውሃ አሳጥበው፣ ከሰዓት በኋላ ልባሱን አስፈሰሱበት። ላስረዳዎ ስሞክር «ልጄ፣ ቀለም መቀባት አንቺ አታስተምሪንም፤ እኔ ሳሎኔን ሁለት ጊዜ ቀብቻለሁ» በማለት ያካፈሉኝን ልምድ እስከ ዛሬ በአድናቆት አስታውሰዋለሁ።

አባቴም ነግሮዎት ነበር። አባቴ ሊሾ ሠራተኛ ነበር፤ ይህ ሕንጻ ሲሠራ የጋራዡን ወለል ተንበርክኮ በግንበኛ ማንኪያ ያለሰለሰው እሱ ነው፤ ጉልበቱንም እዚያና እዚያን በመሳሰሉ ወለሎች ላይ ጨርሶ ነው ዊልቸር ላይ የተቀመጠው። «ሊሾ እኮ መስታወት ነው፤ ካልቧጠጡት ልባሱ ምኑን ይዞ ይቀመጣል?» ሲልዎት፣ «አባባ፣ ዘመኑ ተቀይሯል» ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ስለ ርኅራኄዎ እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፦ በልባሱ ቆርቆሮ ላይ «ለሰባት ቀን መኪና አይግባበት» የሚል ተጽፎ ሳለ፣ በሁለተኛው ቀን ሪባን አስረው፣ ከረጅም መንገድ የመጣች መኪናዎን እንደ ሞቀች ነድተው ሪባኑን በጠሱ፤ እኛም አጨበጨብን። የጋለ ጎማ ያልጠነከረ ልባስ ላይ ሲያድር እንደ ማስቲካ ይጣበቃል። በማግስቱ ሲያወጧት ከየጎማዋ ሥር ትሪ ትሪ የሚያህል ልባስ ተላቀቀና አብሮዎት ሥራ ገባ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የእኛስ ቆሞ ሳለ ተፈታ።

ሦስተኛ፦ ይህንን ጉዳት ለማጣራት የተቋቋመው፣ እርስዎ የሰበሰቡት፣ እርስዎ ቃለ ጉባኤ የያዙለት አጣሪ ቡድን ወንጀለኛውን አገኘ፤ የአባቴ ዊልቸር ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! የዊልቸሩ ጎማ ሁለት ጣት ነው፤ የተነሳው ልባስ ስንዝር ያልፋል። የአባቴ ዊልቸር ያን የሚያህል ጎማ ቢኖረው ኖሮ ታርጋ አውጥተንለት አሸዋ ባመላለስንበት ነበር። ሆኖም «ጎማ ያለው ማንኛውም ነገር እንዳይገባ» የሚለው ደንብ ወጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ የሦስተኛ ፎቋ እመጫት የሕፃኑን ጋሪ በራሷ ላይ፣ ሕፃኑን በጀርባዋ ተሸክማ ታልፋለች፤ የቧንቧ ሠራተኛው የመሣሪያ ሳጥኑን ጎማዎች ነቅሎ ለዘበኛው አስረክቦ ይገባል፤ ዘበኛውም በሦስት ቁጥር የተዘጋጀ ነጠላ ጫማ ይዞ «እግርዎ ስንት ቁጥር ነው?» ማለትን ከእንደምን አደሩ ቆጥሮታል።

አራተኛ፦ ከዚህ ሕንጻ መውጫው ሁለት ነው። አንዱ ዘጠኝ ደረጃ ያለው የፊት በር፣ ሌላው ደረጃ የሌለው ጋራዥ። አባቴ በየማለዳው በጋራዡ ወጥቶ፣ የድሮ ባልደረቦቹ ግንበኞች በሚሰበሰቡበት ከውጭው በር አጠገብ ካለው ግንብ ሥር ተቀምጦ፣ የሰው ሥራ ሲያማ ይውል ነበር። ይኸው ዛሬ አርባ አንድ ቀኑ፤ ጓደኞቹ በመስኮት ነው የሚጠይቁት። እርስዎ መፍትሔ አላጡም፤ አራት ጎረምሶች በደረጃው ተሸክመው ያውርዱት አሉ። አባቴ የመለሰውን ሳልቀንስ ላድርስ፦ «ሬሳ ነኝ እንዴ ተሸክማችሁ የምታወጡኝ? እንደዚያ የምወጣበት ቀን ራሱ ይመጣል፤ አታስቸኩሉኝ።»

ክቡር ሰብሳቢ፣ ለዚህ ቃል የሚሆን ምስጋና ፈልጌ አጣሁ።

ስለዚህ የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አባቴና እኔ በጋራዡ በኩል እንወጣለን። ፈቃድ እየጠየቅሁ አይደለም፤ በመስኮት ሲያዩን እንዳይደነግጡ አስቀድሜ ማሳወቄ ነው። የዊልቸሩን ጎማዎች በሳሙና አጥባለሁ፤ ስለ ጨዋነት ስልም ነጠላ ጫማ አደርጋለሁ፣ ቁጥሬ ሠላሳ ስምንት ነው። መሐል ወለል ላይ ቆመው ከጠበቁን በክብር ሰላም ብለን በጎንዎ እናልፋለን፤ ጋራዡ መኪና ስለሌለበት ሰፊ ነው።

ለልባሱ ረጅም ዕድሜን፣ ለእርስዎ ደግሞ አጭር ስብሰባን እየተመኘሁ፣ ከወለሉ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

የሊሾ ሠራተኛው ልጅ

ማስታወሻ፦ ትናንት ከሰዓት በኋላ ከጥጉ በኩል ጠረጴዛ የሚያህል ልባስ ማንም ሳይነካው ራሱ ተነሳ። አርባ አንድ ቀን ጎማ ያልደረሰበት ቦታ ስለሆነ፣ አጣሪ ቡድኑ ሲሰበሰብ የእኛ ዊልቸር የት እንደነበረ ለመመስከር ዝግጁ ነኝ። ከሥሩ የአባቴ ሊሾ ወጣ፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ አንዲት ስንጥቅ የለውም። አባቴ ወደ ጋራዡ በሚያስገባው የኮሪደር በር ሆኖ አይቶት ሲያበቃ፣ ኮሚቴው ከፈለገ ልባሱን አስፍቆ፣ ወለሉን አስቧጥጦና አድርቆ፣ ሥራውን በነፃ አስተካክሎ ሊያሠራ ፈቃደኛ መሆኑን እንድነግርዎት አዝዞኛል። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ ለመሥራት መግባት አለበት፣ የሚገባው ደግሞ በጎማ ነው። ኮሚቴው ይምከርበት። እኛ ቅዳሜ ስናልፍ ቆም ብሎ ሥራውን ያየዋል።